የተጠረገ በለስ

ጀዕፈር ከካራማራ ተራራ ተዳፋት ላይ ካለው ቋጥኝ ሥር በጀርባው ተጋድሞ ነበር። አንድ እግሩ ከሥሩ ታጥፏል፤ ዓይኑ አልተከደነም። በቀኝ እጁ አጠገብ የተቀደደ ፌስታል ወድቋል፤ ከውስጡ የወጡት በለሶች ሳሩ ላይ ተበትነው ያብረቀርቃሉ።

ዒድና እንቁጣጣሽ ተከታትለው የመጡበት 2003 ዓመተ ምሕረት ነው። በጅግጅጋ ጎረቤታሞች የሆኑት የጨርቅ ነጋዴው ጀዕፈርና የሸቀጥ ነጋዴው ገብረየስ ሁለቱን በዓል አንድ ላይ ለማክበር ልጆቻቸውን በጀዕፈር ፒክአፕ ጭነው ወደ ተራራው ወጥተው ነበር።

ኢንስፔክተር ሻሚስ ስትደርስ የሚያለቅስ ሰው አላገኘችም። የሟቹ ሚስት ረቢዓ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምሳ ሳህኖችን ትደራርባለች። ደርድራ ስትጨርስ አንድ በአንድ ታወርዳቸውና እንደገና ትጀምራለች።

«ማን አገኘው?»

«እኔ» አለ ገብረየስ። ሰውነቱ ወፍራም፣ በሰፈሩ በቀልድ የሚታወቅ ሰው ነው። «በለስ ለቅሜ ስመለስ አየሁት። የተኛ መስሎኝ ‹ተነስ አንተ ሰነፍ!› አልኩት።» ወደ ቋጥኙ ዞሮ አየ። «እንዲያ ነው ያልኩት፣ ኢንስፔክተር። ለሬሳ።»

«እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ።»

መዳፉን ዘረጋ። እንደ ጸጉር የቀጠነ የበለስ እሾህ በጣቶቹ መሃል ተሰግስጓል።

«በእጅ ነው የሚለቅሙት?»

«ኧረ በምን አቅሜ! ጫፉን በሰነጠቅኩት እንጨት ነው ቆንጥጬ የማዞረው። እሾሁ ግን በነፋስም ይመጣል።»

«ሌላ እንጨት ነበራችሁ?»

«ይቺው ናት፤ ከእጄም አልወጣችም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጀዕፈር ነገ ቱሊ ጉሌድ ከተማ አብረኸኝ ሂድ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌዎች ፊት የማቀርበው ነገር አለኝ አለ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ረቢዓ ስትጠየቅ ሳህኖቹን ሳትተው መለሰች።

«ጋሽ ገብረየስ የለቀመውን እኔና ልጆቹ ሳር ላይ እያንከባለልን፣ በቅጠል እሾሁን እየጠረግን ባልዲ ውስጥ እንከተው ነበር። በኋላ ልጆቹ አበባ ሊለቅሙ ወረዱ። እኔ የዐስር ሶላት ልሰግድ ከዛፉ ወዲያ ሄድኩ።»

«ባልዲውስ?»

«መኪናው ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተውነው።»

የእሷም ጣቶች እሾህ በእሾህ ናቸው። የተሰማት አትመስልም።

የጀዕፈር ታናሽ ወንድም ሪድዋን መኪናውን ተደግፎ ቆሟል።

«በለስ ሊቆርጥ ሲንጠራራ አዳልጦት ነው» አለ ሳይጠየቅ። «እኔ ራሴን አሞኝ ከምሳ ጀምሮ እዚህ መኪና ውስጥ ተኝቼ ነበር።»

«ወደ መኪናው የመጣ ሰው ነበር?»

«ማንም አልመጣም። እንቅልፌ ቀላል ነው፤ ድመት ብታልፍ እሰማለሁ።»

«በለስ አልለቀምክም?»

«እኔ? አልነካውም! አምና ነክቼ ሳምንት ሙሉ ሳክክ ከረምኩ።» መዳፉን ዘረጋላት። ንጹሕ ነበር።

ሻሚስ መኪናውን በዝግታ ዞረችው። የግራው የፊት መብራት በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኗል። የቀኙ ግን ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል።

ከኋለኛው ጎማ አጠገብ የስምንት ዓመቷ ኢስራ ሰማያዊ ባልዲ ታቅፋ ተቀምጣለች። ሻሚስ ቁጢጥ አለችላት።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ታያለሽ?»

«በለሳችንን ማን ወሰደው?» አለች ልጅቷ። «ሙሉ ነበር። አሁን ጎድሏል።»

«ኢስራ!» ረቢዓ ከምንጣፉ ጮኸች። «አባትሽ ሞቶ ስለ በለስ ታወሪያለሽ?»

ልጅቷ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ምሳ ላይ አባን ከላይ ያለውን ቀዩን አምጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

ሻሚስ ወደ ሬሳው ተመለሰች። የጀዕፈርን መዳፎች ወደ ብርሃን አዙራ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከተበተኑት በለሶች አንዱን አንስታ በባዶ እጇ ጨበጠችው፤ ምንም አልወጋትም። ቋጥኙ ላይ ወጣች። ጫፉ ላይ የበቀለው በለስ ቀያይ ፍሬዎቹን እንደተሸከመ ነው።

*

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻሚስ ለቅሶ ቤቱ ገባች። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቀሩ። ረቢዓ፣ ሪድዋንና ገብረየስ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል። ኢስራ ከግድግዳው ጥግ ናት፤ ከቀብሩ ወዲህ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ጣቶቿ አብጠዋል። ሰው እሾሁን ሊነቅልላት በሞከረ ቁጥር እጇን ከጀርባዋ ትደብቃለች።

«ልጅቷን ላስወጣት» አለች ረቢዓ።

«ትቆይ። መጀመሪያ የመጣሁት ለእሷ ነው።» ሻሚስ ከኢስራ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «ስሚኝ አባዮ። አባትሽ የሞተው ያንቺን በለስ ሊያመጣ ወጥቶ አይደለም።»

ልጅቷ አላየቻትም።

«እጁን አይቻለሁ። አንዲት እሾህ የለችበትም። ያንቺን እጅ ተመልከቺ፣ የእናትሽንም። በለስ የነካ እጅ ይታወቃል። መልቀሚያው እንጨት ደግሞ አንድ ነበር፤ እሱም ጋሽ ገብረየስ ጋ ነበር። አባትሽ አጠገብ የተገኘው በለስ ከዛፉ የወረደ አይደለም። እኔ በባዶ እጄ ጨብጬዋለሁ፣ አልወጋኝም። እናንተ የጠረጋችሁት ነው። ባልዲው ጎድሏል ያልሽው ትክክል ነበር። አባትሽ ከወደቀ በኋላ ሌላ ሰው ወስዶ አጠገቡ በተነው።»

ኢስራ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«አሁን ግቢ ውስጥ ጠብቂን።»

ልጅቷ ወጣች። የሄደችው ግን እስከ ደጃፉ ድረስ ብቻ ነበር።

«ሌላ ሰው?» አለ ገብረየስ። «ማን? የነበርነው እኛው ነን!»

«እናንተው ናችሁ። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ የለቀሙት በለስ በእጅዎ ነበር፤ እሾሃሙን እዚያው ያፈሱት ነበር። ባልዲ ፍለጋ አይወርዱም። የበተነው ሰው እሾሃም በለስ የሌለው፣ ሊለቅምም የማይደፍር ነው።» ወደ ሪድዋን ዞረች። «ባልዲው አንተ ከተኛህበት መኪና ሥር ነበር። ማንም አልመጣም አልከኝ። ማንም ካልመጣ የወሰድከው አንተ ነህ። ሰው መጥቶ ካልሰማህ ደግሞ መኪናው ውስጥ አልነበርክም።»

«ተኝቼ ነበር አልኩ እኮ!»

«ድመት ብታልፍ እሰማለሁ ያልከውም አንተ ነህ።»

«እሺ፣ ወንድሜን ለምን ብዬ?»

«ትናንት ቱሊ ጉሌድ ነበርኩ። ሐምሌ ላይ አንድ ግመል ጠባቂ ሽማግሌ መንገድ ላይ መኪና ገጭቷቸው ሞቱ። መኪናው አልቆመም። ሴት ልጃቸው የመብራቱን ስብርባሪ በሻሿ ቋጥራ አስቀምጣዋለች። እዚያው አብረን ገጣጠምነው። የወንድምህ ፒክአፕ መብራት ዓይነት ነው፣ የቀኙ። የዚያን ቀን የነዳኸው አንተ ነበርክ። ጀዕፈር አውቆብህ ነበር። ለዚህ ነው ሽማግሌዎቹ ጋ ሊሄድ የነበረው።»

ረቢዓ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ሪድዋንን ታየዋለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ሪድዋን መዳፎቹን እያየ ተናገረ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል።

«‹ነገ እጅህን ይዤ እወስድሃለሁ› አለኝ። ያዘኝም። ልጅ ሆኜ መንገድ ሲያሻግረኝ እንደሚይዘኝ አድርጎ። እንዲለቀኝ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ሻሚስ። «እሱን ፍርድ ቤቱ ያየዋል። ከገፋኸው በኋላ ግን ወርደህ፣ በለስ መርጠህ፣ ተመልሰህ አጠገቡ አስቀመጥክ። ልጅቷ ምሳ ላይ የጠየቀችውን ሰምተሃል። ሞቱ ከእሷ ጥያቄ ጋር እንዲገጥም አደረግክ። እሾህ ፈርተህ፣ እሾሁን እሷ ላይ ተከልከው።»

ሪድዋን ተነሳ። ፖሊሶቹ በሁለቱም ጎን ያዙት። ደጃፉ ላይ ከኢስራ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እሷ ገለል ብላ አሳለፈችው።

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ።

ኢስራ ወደ ሳሎኑ ገብታ እናቷ ፊት ቆመች። ከጀርባዋ ደብቃው የቆየችውን እጅ አውጥታ ዘረጋች።

«ኡሚ» አለች። «ያመኛል።»

ረቢዓ ወረንጦውን ከመስኮቱ ጠርዝ አነሳች። የልጇን ትንሽ እጅ በራሷ እሾሃም እጅ ውስጥ አስቀምጣ አጎነበሰች። የመጀመሪያውን እሾህ ልትይዝ ሞከረች፤ አልያዝ አላት። ከሦስት ቀን በኋላ ገና አሁን አለቀሰች።