ሐሩር የጠየቀው ቀረጥ

የዝናብ ቀንድ ከሐኔር ግንብ በተሰረቀበት ማለዳ ወፎች ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ታዩ። ዛፍ ላይ አንድም አልነበረም። ሽማግሌዎች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰማዩ በዚያው ቀን ነጣ፤ ነጥቶም ቀረ።

ቀንዱ በየዓመቱ በክረምት መግቢያ ይነፋ ነበር። ሲነፋ ደመና ይሰበሰባል። የምትነፋውና የምትጠብቀው ሲራኒት የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። የሰረቀው ሐሩር ነው። ሐሩር በምሥራቅ ገደል የሚኖር፣ ቆዳው እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ፣ አሸዋ የሚተነፍስ አውሬ ነው። ግንቡን ሲወጣ ጠባቂዎቹ ሸሹ። ሲራኒት አልሸሸችም። ቀንዱን በሁለት እጇ አንቃ ቆመች። ሐሩር ፊቷ ላይ ተነፈሰባትና ቀንዱን ነጥቋት ሄደ።

አልሞተችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እግሮቿ አልታዘዟትም። አእምሮዋም የተነገረውን የማይዝ ወንፊት ሆነ። የማትረሳት አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች።

«ዘነበ?» ትላለች።

ባሏ ወልዳር የንጉሡ የጦር አለቃ ነበር። ጦሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«አልዘነበም፤ ይዘንባል፣ የኔ እመቤት» ይላታል።

ጣራውን ታዳምጣለች። ከዚያ፣ «ዘነበ?»

ሐኔር ሦስት ክረምት ዝናብ አጣች። ንጉሥ አጽናፍ ቀንዱን እንዲያስመልሱ የላኳቸው ጀግኖች በገደሉ ቀሩ። የተመለሰችው መንገድ መሪዋ መሐሌ ብቻ ናት። እሷም የተረፈችው በቅሎዎቹን ይዛ ከኋላ ስለ ቆመች ነው።

መሐሌ የሲራኒት አብሮ አደግ ነበረች። ከጉዞዋ እንደ ገባች ልትጠይቃት ሄደች። ወልዳር በቀንድ ማንኪያ አጥሚት ሲያጠጣት ደረሰች። ሲራኒት አንዱን ዋጥ አድርጋ ሁለተኛውን ፊቱ ላይ ተፋችው። በእጅጌው ጠረገና ማንኪያውን መልሶ ነከረ።

«ይሄ ደግሞ ምን ይባላል?» አለች ሲራኒት።

«አጥሚት ነው።»

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

መሐሌ ሳቀች። ወልዳርም ሳቀ። ሲራኒት ሁለቱን በተራ አየቻቸውና፣ «ዘነበ?» አለች።

«አልዘነበም፤ ይዘንባል።»

መሐሌ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጠች። ወልዳር ሚስቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ገለበጣት። ተረከዟን ቅቤ ቀባ። ዳሌዋ እንዳይቆስል ከሥሯ ያለውን የበግ ለምድ አውጥቶ አራገፈና መልሶ አነጠፈ። ጥያቄው ይመጣል፤ መልሱ ይሄዳል። ድምፁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነበር፤ አልከረረም።

«አይሰለችህም?» አለችው መሐሌ ሲሸኛት።

«ምኑ?»

«ጥያቄው።»

ወልዳር አሰብ አደረገ። «ዝናብ እኮ የእሷ ሥራ ነበር» አለ። «ሥራዋን ነው የምትጠይቀው።»

መሐሌ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደች።

በማግስቱ በአደባባይ፣ በጦረኞች ሁሉ ፊት እንዲህ አለች፦

«ንጉሥ ሆይ፣ ሐሩር በጥርሱ አይገድልም። አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ያንኑ ይደጋግማል። የሚመልሰው ሰው ድምፅ በቁጣ ሲለወጥ ሰውየው አሸዋ ይሆናል። የጀግኖቻችን ገዳይ ቁጣቸው ነው። የማይቆጣ ሰው አግኝቻለሁ። ወልዳር ነው።»

በርጎስ የሚባለው ግዙፉ ጦረኛ ጭኑን መታ። «ወልዳር? ጋሻ ጥሎ ማንኪያ ያነሣው? አውሬውን አጥሚት ሊያጠጣልን ነው!»

አደባባዩ ሳቀ። ወልዳር ከጦረኞቹ መካከል ቆሞ ነበር። ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሡ፤ ሳቁ ቆመ።

«ወልዳር» አሉ፤ «እናቶች ጭቃ በጨርቅ አጥልለው ልጆቻቸውን ሲያጠጡ አይተሃል። እኔ ንጉሥ ነኝ፤ ዝናብን ማዘዝ ግን አልችልም። አንተንም ማዘዝ አልችልም። የታመመ የትዳር ጓደኛ ራሱ ሳያሰናብተው አልጋውን ጥሎ የሚሄድ ሰው በሐኔር ሕግ ከሃዲ ነው። ይህን ሕግ አባቶቼ አወጡ፤ እኔ አልሽረውም። ስለዚህ እለምንሃለሁ።»

«ቀንዱ ሲመለስ አእምሮዋ ይመለሳል?» አለ ወልዳር።

ንጉሡ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከቱ። የሚያውቅ አልነበረም።

«ይመለስ ይሆናል» አሉ።

ወልዳር ያንን «ይሆናል» ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ሲራኒት፣ ቀንድሽን ላመጣልሽ ልሂድ። ታሰናብቺኛለሽ?»

ዓይኗ ጠራ። «ቀንዴን?»

«አዎ።»

«ሂድ። ዝናብ ሳይጥልህ ግን ግባ።»

ስንቁን አንሥቶ ደጃፍ ደረሰ።

«ወዴት ነው? ማን አሰናበተህ?» አለች ከኋላው።

ስንቁን አስቀመጠ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንደ አዲስ ጠየቃት። አሁንም አሰናበተችው። ደጃፍ ሲደርስ አሁንም ረሳች። ደግሞ ተመለሰ። በመጨረሻ አክስቷ እማማ ድንቄ ስንቁን አንሥተው ትከሻው ላይ አንጠለጠሉት።

«ሂድ፣ ልጄ። ስታሰናብትህ ውጣ፤ ስትረሳ እኔ አለሁ» አሉት። በጆሮውም፣ «በእንስራው የቀረን የታችኛው ውሃ ብቻ ነው» አሉት።

ወልዳር የሚስቱን እጅ ያዘ። «በጦር አልምልም፤ በጋሻም አልምልም» አለ። «በዚህች እጅ እምላለሁ፤ እመለሳለሁ።» «ሂድ» ስትለው ወጣ።

ሦስት ሆነው ሄዱ፤ ወልዳር፣ መንገድ መሪዋ መሐሌና ለውጊያ የተከተላቸው በርጎስ። ነጭ ሜዳ ተሻገሩ። ጥላ የሌላቸው ጅቦች ተከተሏቸው። በርጎስ ብቻውን ገብቶ በጦሩ በተናቸው፤ አፉ ትልቅ ቢሆንም ልቡም ትንሽ አልነበረም።

«እንደው ሚስትህ በቀን ስንቴ ትጠይቅሃለች?» አለው በመንገድ።

«አልቆጥርም።»

«እኔ ብሆን በሳምንቱ ወንዝ ተሻግሬ እጠፋ ነበር።»

«ወንዙ ደርቋል፤ ቶሎ ይደረስብህ ነበር» አለ ወልዳር።

በርጎስ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ከውሃው ድርሻ ያካፍለው ጀመር።

ወደ ገደሉ የደረሱት በቀትር ነው። ሐሩር የዋሻውን አፍ ዘግቶ ተኝቷል። ከጀርባው ቀንዱ ያበራል። በዙሪያው ሰው የሚያካክሉ የአሸዋ ክምሮች ነበሩ፤ መሐሌ ስማቸውን ታውቃለች። አውሬው ራሱን ቀና አደረገ።

«ዘነበ?» አለ።

ድምፁ የሲራኒት ነበር። ወልዳር ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እኔ ልቅደም» አለ በርጎስ ይህን አይቶ። «የሚስቱን ድምፅ የሚሰማ ሰው እንዴት ይቆማል? ባይሆንልኝ እሱ አለ።» ወደ ፊት ወጣ። «አልዘነበም!»

«ዘነበ?»

«አልዘነበም አልኩህ።»

«ዘነበ?»

«አንተው ሰርቀህ አንተው ትጠይቃለህ!»

ክንዱ ከነጦሩ ተነሣ። የወረደው አሸዋ ነው። ጦሩ ብቻ ክምሩ ላይ ተተክሎ ቀረ። መሐሌ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ወልዳር ከክምሩ አለፈና ከአውሬው ራስ አጠገብ፣ ከአልጋ አጠገብ እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጠ።

«ዘነበ?»

«አልዘነበም፤ ይዘንባል።»

ፀሐይዋ ከአናት ወረደች። አውሬው ይጠይቃል፤ ወልዳር ይመልሳል። በመካከሉ የአውሬውን የዓይን ቆብ አየ። አሸዋ ጋግሮበት ቆስሏል። የኮዳውን ውሃ በነጠላው ጫፍ ላይ አፈሰሰ።

«ወልዳር! የመመለሻችን ውሃ ነው!» አለች መሐሌ።

አልሰማትም፤ ቢሰማም እጁ ለምዶታል። ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ አድርጎ ጠረገለት። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ዞረ። የአውሬው ጥያቄ እየዘገየ፣ ድምፁም እየወረደ መጣ። ከዚያ አገጩን መሬት ላይ አሳረፈና በገዛ ድምፁ ተናገረ።

«ከተፈጠርኩ ጀምሮ ዓይኔን የጠረገልኝ የለም። ቀንዱን ውሰድ። ደጄ ግን ቀረጥ አለው።»

«ዓይኔን ውሰድ። ክንዴን ውሰድ።»

«ክንድ ምን ያደርግልኛል? የምወስደው ሰው ይዞ የገባበትን ነው። ትዕግሥትህን።»

ወልዳር ወደ ቀንዱ ተመለከተ። «የሚስቴ አእምሮ ከቀንዱ ጋር ይመለሳል?» አለ።

«የበላሁት አይመለስም።»

ያ የንጉሡ «ይሆናል» እዚያ ቀረ። ወልዳር ቤቱን አሰበ። ያ ትዕግሥት የእሱ አልነበረም፤ የእሷ ቀለብ ነበር። ማንኪያውን የሚያነሣው በእሱ ነው፤ ከጎን ወደ ጎን የሚገለብጣት በእሱ ነው። እሱን ሰጥቶ ምን ይዞ ይገባል?

«አትስጠው» አለች መሐሌ። እያለቀሰች ነበር። «ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

«እስክንፈልግ ምን ትጠጣለች?» አለ። በጆሮው ውስጥ የእማማ ድንቄ ቃል፣ የእንስራው ታችኛው ውሃ ነበር። ወደ አውሬው ዞረ። «ውሰድ።»

ሐሩር አንድ ጊዜ ተነፈሰበት። አላመመውም።

በመልሱ ጉዞ፣ ከበርጎስ የቀረውን ውሃ እየተካፈሉ ሲመጡ፣ የደከመች በቅሎ ተደናቅፋ ቆመች። ወልዳር በቡጢ ጆሮዋ ሥር መታት። መሐሌ አየችው። እሱም እጁን አየ። በዚያው ሐኔር ደረሱ።

ከግንቡ ሥር ቀንዱን ሰጣት። «አንቺ ንፊው። እኔ ቤት ልግባ።»

ገና መንገድ ላይ ሳለ ቀንዱ ጮኸ። ደመና ከአራቱ ማዕዘን ተጠራርቶ መጣ። የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሩ ላይ አረፈ። ሕዝቡ በእልልታ ከየቤቱ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ወደ ውስጥ የሚሮጥ እሱ ብቻ ነበር።

እማማ ድንቄ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። «በሕይወት አለች» አሉት።

ሲራኒት ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። አየችው።

«ዘነበ?»

ወልዳር ተንበረከከ። ሦስት ክረምት የጠበቀው ይህችን መልስ ነበር። «ዘነበ! ስሚው፤ ጣራው ላይ ነው።»

አዳመጠች። ፈገግ አለች። እሱ አለቀሰ።

«ዘነበ?»

«ዘነበ፣ የኔ እመቤት።» አጥሚቱን አቀረበ፤ ማንኪያውን አነሣ።

«ዘነበ?»

«ዘነበ።»

አሁንም ጠየቀችው። በደረቱ ውስጥ እንደማያውቀው ውሻ ያለ ነገር ዘሎ ተነሣ።

«ነገርኩሽ እኮ! ስንቴ ልንገርሽ!»

ማንኪያው ወደቀ። ሲራኒት ጋቢዋን እስከ አገጯ ሳበች። ፊቷን ወደ አክስቷ መለሰች።

«እማማ፣ ይህ ሰው ማን ነው? ያስወጡልኝ» አለች። «ባሌ ሲመጣ ይጣላዋል። ባሌ አይጮህም።»

ወልዳር ወጥቶ ጣራው ጠርዝ ሥር ቆመ። ውሃው አንገቱ ላይ ወረደ። ከበሮ እየመታ ሕዝቡ መጣ፤ የንጉሡ መልእክተኛም የወርቅ ጥልፍ ካባ ዘረጋለት።

«የሐኔር ጀግና! ንጉሡ ይጠብቁሃል። በቅሎው ተጭኗል፤ ውጣ!»

ከቤት ውስጥ፣ «ዘነበ?» የሚል ተሰማ።

እማማ ድንቄ ሊመልሱ ሲዞሩ እጃቸውን ያዘ። «እኔ ልመልስ።»

ያዩት አስተያየት ሁሉንም እንደ ገባቸው ይናገር ነበር። «ልጄ፣ ትዕግሥትህ አልቋል።»

«አልቋል» አለ። «ያለ እሱ ነው የምገባው።»

ካባውን በመልእክተኛው እጅ ላይ ትቶ ገባ። ተቀመጠ። የአልጋውን ጠርዝ እንጨት በግራ እጁ ጨበጠ፤ ጣቶቹ እስኪነጡ ጨበጠ።

«ዘነበ» አለ።

ክረምቱን እንዲህ አሳለፉት። የቀድሞው ድምፅ አልተመለሰም። መልሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንዳንዴም ጮኸባት፤ ወጥቶ ዝናቡ ላይ ቆሞ እንደገና ገባ። ቀድሞ ያልቆጠረውን አሁን እያንዳንዱን ያውቀዋል። እማማ ድንቄ ከአልጋው እንጨት ላይ የጣቶቹን ጉድጓድ ይዳብሱ ነበር።

ገብሱ ሲያሽት ሲራኒት መዋጥ አቆመች። ወልዳር ከንፈሯን በጥጥ ያረጥባል። አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ዓይኗን ገለጠች።

«ያ የሚጮኸው ሰው ሄደ?» አለች።

እንጨቱን ጨበጠ። «ሄዷል።»

«ባሌ አባረረው?»

ወልዳር የነጡ ጣቶቹን አየ።

«እያባረረው ነው» አለ።

«ጎበዝ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ዘነበ?»

«ዘነበ፣ የኔ እመቤት። ገብሱ ደርሷል።»

ሌላ አልጠየቀችም። እማማ ድንቄ መጥተው ዓይኖቿን ከደኑ። ወልዳር ግን እጁን ከእንጨቱ ላይ አላነሣም፤ እንደገና ብትጠይቅ ብሎ።