የሰርዋ የአሴምብሊ ደብተር

«ሎቶ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች እናቷ፣ ደብተሩን ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ምግብ የያዘው ቅርጫት ላይ አስቀምጣ።

ሰርዋ ክው አለች። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ ነው። በጋናዋ ኩማሲ ከተማ እንዲህ ያለ ደብተር የሚይዙት፣ ጥላ ሥር ተኮልኩለው የሳምንቱን ዕጣ የሚያሰሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እናቷም አይፈረድባትም። አሴምብሊ የሚባል፣ ለማሽኑ ቅርብ የሆነ የኮምፒውተር ቋንቋ እየተማረች መሆኗን፣ ቁጥሮቹም ማሽኑ ነገር የሚያስቀምጥባቸው አድራሻዎች መሆናቸውን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። እናቷ ያመነችው አስተማሪው የገዛ ወንድሟ፣ ሰርዋ ዎፋ፣ አጎቴ፣ የምትላቸው ሬዲዮ ጠጋኙ ንሲያ መሆናቸውን ስትሰማ ነው።

«ፈተናውስ በዚህ ነው?»

አይደለም። የዓርቡ ፈተና ሲ በሚባል ሌላ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። አንደኛ የሚወጣ አንድ ልጅ ብቻ ትምህርት ቤቱን ወክሎ አክራ ይሄዳል። አጎቷ ግን አሴምብሊ ሳታውቂ ሲ በደንብ አይገባሽም ብለው ሦስት ሳምንት ይዘዋታል። በዚያው ጊዜ አብራት የምትፈተነው ጓደኛዋ አብራፊ የሲን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሸምድዳለች፤ ሰርዋን ባየች ቁጥርም «አንቺ ፋራ፣ መኪና ለመንዳት ብረት ታቀልጫለሽ?» ትላታለች።

ረቡዕ ከሰዓት ሰርዋ በቃኝ ልትል ወደ አጎቷ ሱቅ ሄደች። ዎፋ ንሲያ ከብየዳቸው ቀና ሳይሉ ሰሟት። አልተከራከሩም። የሁለት ቁጥሮችን ቦታ እንዲያለዋውጥ በሲ የጻፈችው ፕሮግራም ለምን እንደማይሠራ ብቻ ጠየቋት።

«አብራፊ የኮከብ ምልክት ጨምሪበት ትላለች። ለምን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም።»

«እስቲ ፕሮግራሙን ደረጃ በደረጃ ደብተርሽ ላይ ተከተይው።»

ተከተለችው፤ በእርሳስ፣ አድራሻ በአድራሻ። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ሌላ ቦታ ይገለብጣል፣ ግልባጮቹን ያለዋውጣል፣ ከዚያ ይጥላቸዋል። ዋናዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ለካ መላክ ያለበት ቁጥሩ ሳይሆን አድራሻው ኖሯል፤ ኮከቡም «እዚያ አድራሻ ሂድ» ማለት ነው። ብቻዋን ሳቀች። የሲው መጽሐፍ ሌላው ግማሽ ግን አሁንም እንግዳዋ ነው፤ ያንን አሴምብሊ አይነግራትም።

ይህን መሰል ጥያቄ ዓርብ ሊመጣ እንደሚችል ታውቃለች። ለአብራፊ ሳትነግራት ብትቀር አክራ የእሷ ሊሆን ይችላል። መታጠፊያው ላይ ትንሽ ቆመችና ወደ አብራፊ ቤት አቀናች። የገባትን ምንም ሳትደብቅ በሥዕል አሳየቻት፤ ያልገባትን እንድታስጠናትም ጠየቀቻት።

አብራፊ ሥዕሉን በጣቷ ከአድራሻ ወደ አድራሻ ተከተለችው። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና የሲን መጽሐፍ ገለጠች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ለፍተሽ» አለች እየሳቀች፣ «የገባችሽ አንዲት ኮከብ!»