ከውሃው የወጣው ድምፅ

የሀዲስ ሬሳ የተገኘው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ነው። ደረቱ ደቅቋል፤ ከደንገል የተሠራው ታንኳው ተበጣጥሷል። ባሕር ዳር በሙሉ «ጉማሬ ነው!» አለ። ሐኪሙም «ሊሆን ይችላል» ብሎ እጁን ታጠበ፤ ምን ቸገረው!

ሀዲስ የጉማሬ ተመራማሪ ነበር። ማይክሮፎን ውሃ ውስጥ አጥልቆ ድምፃቸውን ይቀዳል፤ ከድምፃቸው የት እንዳሉ ያውቃል። ከማጥለቁ በፊት ሁልጊዜ «እዚህ ነኝ፤ ውሃው ረግቷል» ይላል። አብሮት የሚሠራው ምሥጋና «መቅጃውን ከውሃው አወጣሁት» ብሎ አመጣ። ቅጂው ላይ የሰፈረው ቀን ሀዲስ የሞተበት ማክሰኞ ነው። መጀመሪያ የሀዲስ ድምፅ፣ ቀጥሎ የጉማሬ ጩኸት፣ ከዚያ ዝምታ ይሰማል።

ሚስቱ ወለላ ያንን ድምፅ ደጋግማ ትከፍተዋለች። ቤቱ ውስጥ ሙት የሚያወራ ይመስላል፤ ጎረቤት መግባት ፈርቷል። በዚያ ዳር የምትታየው ግልገል ያላት ጉማሬ ገዳይ ተብላ እንድትገደል ተኳሽ ተጠርቷል፤ የቀረው የኢንስፔክተር የብርጓል ፈቃድ ብቻ ነው።

«ፈርሚና ትገደልልኝ፤ እሷ እያለች እንቅልፍ የለኝም» አለቻት ወለላ።

«ትንሽ ታገሽኝ እህቴ። እስቲ እኔም ልስማው።»

የብርጓል ሦስት ጊዜ ሰማችው። በሦስተኛው መጀመሪያውን ብቻ መልሳ ከፈተችው።

ከዚያ ወደ ዓሣ አጥማጁ ወደ አቶ አስማማው ሄደች። ከሀዲስ ጋር በመረብ ምክንያት ተጣልተው ነበር።

«ማክሰኞ ውሃ ላይ ነበሩ?»

«ኧረ ልጄ! ሁዳዴ ገብቶ ዓሣ ለማን ልሸጥ? ደልጊ ልጄ ዘንድ ሄድሁ። የአገሩን ሰው ጠይቂ።» ጠየቀች፤ እውነታቸውን ነው።

ምሥጋና የሞተር ጀልባውን እያጠበ ነበር።

«በዚያ ዳር ስንት ጉማሬ አለ?»

«ሠላሳ ይሆናሉ። በየዓመቱ የምቆጥረው እኔ ነኝ።»

«መቅጃውን ከአንተ ሌላ የነካው አለ?»

«ማንም! እኔው አውጥቼ እኔው አመጣሁት።»

በማግስቱ ሁሉንም ወለላ ቤት ሰበሰበቻቸው። ተኳሹም ጠመንጃውን ይዞ ከሁለት ፖሊሶች ጋር በር ላይ ቆመ። ድምፁን ከፈተችው። «እዚህ ነኝ፤ ውሃው ረግቷል።» ወለላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከኋላው ምን ይሰማል?» አለች የብርጓል።

አቶ አስማማው ጆሯቸውን አቀኑ። «ከበሮ ነው። ከዳሩ ማዶ ካለው ገዳም… ኧረ በስመአብ! በሁዳዴ ከበሮ?»

«እኔ» አለች የብርጓል፣ «የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ሁዳዴ ከገባ ከበሮ አይመታም፤ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዜመው። ስለዚህ ይህ የማክሰኞ ድምፅ አይደለም፤ ከጾሙ በፊት የተቀዳ ነው። ቀኑን ሰው ለውጦታል። መቅጃውን ደግሞ ከምሥጋና በቀር ማንም አልነካውም፤ ራሱ ነግሮኛል።»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ ምሥጋና።

«አንተ ጉማሬዋን ብቻ ሰማህ፤ ማይክሮፎኑ ውሃ ከመንካቱ በፊት ያለውን ችላ አልህ። የሀዲስን የዓመት ቅጂ ሁሉ ሰማሁት። ሠላሳ አሉ ባልህበት ዳር የአንዲት እናትና የግልገሏ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። የሌሉ ጉማሬዎች እየቆጠርህ የጥበቃ ገንዘብ ስትበላ ኖረሃል፤ ሀዲስ ሊያጋልጥህ ነበር። በጀልባህ ታንኳውን ገጨህ። የታጠበው ጀልባ አፍንጫ ሥር ከታንኳው የተሰነጠረ ደንገል ከነማሰሪያው ተሰክቶ አግኝተናል።»

ምሥጋና መሬት ላይ ዘፍ አለ።

ተኳሹ ጠመንጃውን አንግቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ወለላ ግን ጉማሬዋንም ተኳሹንም ረሳች። «እንግዲያ ይሄ የመጨረሻ ቃሉ አይደለም?» አለች። «እኔ ስሰማው የከረምሁት… ማክሰኞ ምን አለ? ንገረኝ! አንተ ነህ የሰማኸው።»

ምሥጋና ቀና ሳይል መለሰላት።

«በሕይወት ነበር። "እጅህን ስጠኝ" አለኝ።»

«ሰጠኸው?»

ምሥጋና ካቴና ለያዙት ፖሊሶች ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አልሰጠሁትም» አለ።