ነጋሪ ዘይት

ቦቴ ቁጥር ሰባት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጋራዡ ገባና የመፈተሻው ጉድጓድ ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ ስለ ጤናው ተናገረ። የሞተር ዘይቱ ደህና ነው፤ የካምቢዮ ዘይቱ ደህና ነው፤ ጎማና ፍሬኑም ደህና ናቸው፤ የአየር ማጣሪያው ግን አቧራ ስለያዘ ቢቀየር መልካም ነው አለ። ከዚያ ኮፈኑን በራሱ ከፈተ።

ወይዘሮ ትርሓስ «እሺ» ብላ ጓንቷን አጠለቀች። ለመኪና መልስ መስጠት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ጋራዡ ያለው መንገዱ ወደ አፋር ቆላ መውረድ ከመጀመሩ አርባ ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ፣ በደጋው ጫፍ ላይ ነው። ከቁልቁለቱ ራስ እስከ ታች ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ እግሩ ሥር ዓዶ የምትባል የጨው ሠራተኞች መንደር አለች። ዓዶ የራሷ ውሃ የላትም። መሬቷ ቢቆፈር የሚወጣው ከባሕር የባሰ ጨው ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ቦቴዎች በየተራ ውሃ ያወርዱላታል። ሹፌር የላቸውም፤ ሁሉንም የሚነዳቸው፣ የሚቆጣጠራቸውና ለሰርቪስ የሚጠራቸው «ጠባቂው» የተባለ አንድ ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። ሞተሮቹ ናፍጣ ትተው ሃይድሮጅን ማቃጠል ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ብረት ከብረት መፋተጉን አልተወምና አሁንም ዘይት ይፈልጋሉ።

ዘይቱ ደግሞ የድሮው ዘይት አይደለም። ነጋሪ ዘይት ይባላል፤ ውስጡ ዓይን የማያያቸው ብናኞች አሉ፤ ሲወፍር፣ ሲቆሽሽ ወይም ሲቃጠል ብናኞቹ ለጠባቂው ይናገራሉ። ነጋሪ ዘይት ከመጣ ወዲህ ዘይት በጣቱ ነክቶ የሚያይ ሰው የለም። የዘይት መለኪያው ዘንግ እንኳ ከአዲሶቹ ሞተሮች ላይ ተነሥቷል። ትርሓስም የምትሠራው ጠባቂው ያዘዛትን ብቻ ነበር።

አሮጌውን ማጣሪያ አውጥታ ስታራግፈው የወደቀው አቧራ እንደ ዱቄት ነጭ ነበር። አዲሱን አስገብታ ክዳኑን ስታስር አንዱ ቡሎን ከእጇ አምልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። ልታነሣው ወረደች። ጎንበስ ባለችበት ክንዷ ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። ቀና ብላ አየች፤ የካምቢዮው ሆድ ላብ እንዳለበት ሰው አብረቅርቋል።

ማፍሰስ ያለ ነገር ነው። ያስደነገጣት ቀለሙ ነው። የካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው፤ ሲያረጅም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ይሄ ግን ጥቁር ነበር። ጓንቷን አውልቃ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሸችው። ቀጭን ነበር፤ ውሃ ውሃ ይላል፤ መካከሉ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚቆረቁር ነገር አለ። አሸተተችው። የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።

«ሰባት፣ የካምቢዮ ዘይትህ እንዴት ነው?» አለች ከጉድጓዱ ሆና።

«ደህና ነው» አለ ቦቴው።

ነጭ ጨርቅ አምጥታ ጠብታውን ተቀበለችበትና ወደ ብርሃን አወጣችው። ጨርቁ ላይ የብረት ፍንጣሪ ያብለጨልጭ ነበር። ከዚያ አጠገቡ ወደ ቆሙት ወደ ሁለትና ወደ ዘጠኝ ሄደች፤ የሁለቱንም የካምቢዮ ማፍሰሻ ቡሎን ትንሽ ላላ አድርጋ ጨርቁ ላይ አንጠባጠበች። ሁለቱም ጥቁር ነበሩ። ሁለቱም ስለ ራሳቸው ደህና ነን አሉ።

ያን ጊዜ ቁጥር አራት ትዝ አላት። አራት ሃያ ሺህ ሊትር ውሃ ጭኖ ከዚሁ ጣቢያ ከወጣ ሦስት ሩብ ሰዓት አልፎታል። ቦቴዎቹ ያን ቁልቁለት የሚወርዱት በካምቢዮው ጉልበት ነው፤ ማርሹ ዝቅ ብሎ ካልያዛቸው ፍሬን ብቻውን አይችላቸውም፤ ይግላል፣ ከዚያም መያዝ ያቅተዋል።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ላቀው ቢሮው ውስጥ ነበር። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለትና ያየችውን ነገረችው። ላቀው ጠባቂውን ጠየቀ፤ ጠባቂው ምንም ብልሽት እንዳልተመዘገበ መለሰ። ላቀው ግድግዳው ላይ ያለውን የጠባቂውን ሰሌዳና ጨርቁን ተራ በተራ ተመለከተ። ዓዶ ሁለት ቀን ውሃ እንዳላገኘች፣ ሙቀቱ አርባ አምስት መድረሱን፣ ቦቴውን ያለ ምክንያት አስቁሞ አንድ ልጅ ቢሞት ማን እንደሚጠየቅ ተናገረ። ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም። የሚያስበው ስለ ውሃው ነበር።

«አቶ ላቀው፣ አሽትተው» አለችው።

እሱ ሲያመነታ እሷ ስልኳን አውጥታ ዓዶ ላለው ውሃ አከፋፋይ ደወለች። አቶ ሀንፈሬ ዳውድ ይባላል፤ ለዓመታት በስልክ የምታውቀው፣ ፊቱን አይታው የማታውቅ ሰው ነው።

«አቶ ሀንፈሬ፣ ሰዎቹን ከመቆሚያው አንሣቸው» አለችው።

«ውሃው አይመጣም እንዴ፣ እህቴ?»

«ይመጣል። ሲመጣ ግን ከፊቱ ሰው እንዳይኖር።»

ሀንፈሬ ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም። ስልኩ ሳይዘጋ በአፋርኛ ሲጣራ ሰማችው።

ላቀው ጨርቁን አነሣና አሸተተ። በወጣትነቱ አሮጌ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነውና ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። በራሱ ኃላፊነት የማቆሚያ ትእዛዝ ሰጠ። ከገባች እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የባከነው ስድስት ደቂቃ ነበር። ቁጥር አራት ቁልቁለቱን አጋምሶታል። ካምቢዮው መያዝ ስላቃተው ጠባቂው ከላይ ጀምሮ በፍሬን ሲያወርደው ቆይቷል። ትእዛዙ ሲደርሰው ፍሬኑ ቀልቶ፣ ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር። ሊቆም ሞከረ። አልቆመም።

ሰሌዳው ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለቱም ቆመው አዩ። ስልሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ አሥር። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋ።

ቦቴው የውሃ መቀበያውን ዳስ ጥሶ አልፎ ጨው ሜዳው ላይ ተገለበጠ። ዳሱ ሥር ሁለት መቶ ያህል ሰው ጀሪካን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሀንፈሬ ሁሉንም አንሥቷቸዋል። ሀዋ ኢሴ የተባሉ አሮጊት ግን ጀሪካናቸውን ረስተው ስለነበር ሊያመጡ ተመለሱ። ሀንፈሬ እየጠራቸው ሮጠ፤ ቦቴው ግን ቀደመው። ሃያው ሺህ ሊትር ውሃ ጨው ውስጥ ሰረገ።

*

ከሳምንት በኋላ ኤልዳና የምትባል መሐንዲስ ጠባቂውን ልትመረምር መጣች። አራት ቀን ሠራች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ትርሓስንና ላቀውን ጠርታ ያገኘችውን አሳየቻቸው።

ዘይቱ አልዋሸም ነበር። ብናኞቹ ያዩትን ሁሉ በትክክል ተናግረዋል። የተለወጠው «ደህና» የሚለው ቃል ነው። ጠባቂው ሲተከል አንድ ዘይት ምን ያህል ሲቆሽሽ «ይቀየር» እንደሚባል ወሰን ተሰጥቶት ነበር። ነገር ግን ሰው «ይቆይ» ብሎ ሰርቪሱን ማስተላለፍ እንዲችል አንድ ቁልፍ አለ። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ጠባቂው ከሰዎቹ ፍላጎት ይማራል፤ ወሰኑንም በፀጉር ስፋት ያህል ይገፋዋል። ቁልፉ መጀመሪያ ከተነካ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጭኗል። መጨረሻ ላይ ለጠባቂው ጥቁር ዘይትም ደህና ሆነ። ቁልፉን የሚጫን ሰው እንኳ አላስፈለገም፤ ራሱ ያስተላልፍ ጀመር።

ኤልዳና ዝርዝሩን ከፈተችው። የላቀው ስም ብዙ ቦታ አለ። የተቀየሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰዎች ስም አለ። ትርሓስ ወደ ላይ፣ ወደ መጀመሪያው ገጽ እንድትወስደው ለመነቻት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ስም የሷ ነበር።

ቀኑ ትዝ አላት። የድርቅ ዓመት ነበር። ሀንፈሬ ደውሎ ልጆች እያስመለሳቸው እንደሆነ ነግሯት ነበር። የሞተር ዘይት መቀየር የነበረበትን ቦቴ «ይቆይ» ብላ ላከችው። ሌላም ነገር ትዝ አላት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በየኬላው እየደወለች «አለፈ ወይ?» ስትል ዋለች። ቦቴው ዓዶ ደረሰ ሲሏት ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በማግስቱም ቦቴው እንደተመለሰ ራሷ ዘይቱን ቀየረችለት።

«ያ ሁሉ እዚህ የለም» አለች ወደ ዝርዝሩ እየጠቆመች። «ያለው መጫኔ ብቻ ነው።»

«ጠባቂው የሚያየው ቁልፉን ነው» አለች ኤልዳና በቀስታ።

«እንግዲህ ለዓዶ ማዘናችንን ተማረ» አለች ትርሓስ፤ «መፍራታችንን ግን አላሳየነውም።»

ኤልዳና ወሰኑን ወደ ጥንቱ ልትመልሰውና «ይቆይ» የሚለውን ቁልፍ ጨርሳ ልትነቅለው አስባ ነበር። ላቀውም መልካም ነው አለ፤ ከአደጋው ወዲህ ከስቷል፤ ስለ ስድስቱ ደቂቃ ለማንም አላወራም። ትርሓስ ግን አይሆንም አለች። ድርቅ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ቀን የግድ «ይቆይ» የሚያሰኝ ይመጣል። ቁልፉ ይኑር፤ ግን የተጫነው ሰው ራሱ ቦቴው ላይ ይሳፈር አለች። የቦቴዎቹ ጋቢና ውስጥ ለጥገና ሠራተኛ ተብላ የተተወች አንዲት ወንበር አለች። ኤልዳና ሕጉን ጻፈችውና ሄደች።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ቁልፉን የተጫነ ሰው አልነበረም።

*

በስድስተኛው ወር ሦስት ቀን የፈጀ የአቧራ ማዕበል ተነሣ። የቦቴዎቹ ሁሉ የአየር ማጣሪያ ተደፈነ፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው አለቀ፤ አዲሱ የሚደርሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ሀንፈሬ ደወለ። ምንም አልለመናትም። ከትናንት ጀምሮ ውሃ በኩባያ እያደለ መሆኑን ብቻ ነገራት።

ትርሓስ የቁጥር ሰባትን ማጣሪያ አውጥታ በአየር ግፊት ነፋችው፤ የቻለችውን ያህል አጸዳችው። የሞተሩን ዘይት በጣቷ አየች። የካምቢዮውን ቡሎን ላላ አድርጋ ነጭ ጨርቅ ላይ አንጠባጠበች፤ ቀይ ነበር። ከዚያ «ይቆይ» ብላ ተጫነች።

ጠባቂው ማን እንደሚሳፈር ጠየቀ። ስሟን ነገረችው። ላቀው የመጠጥ ውሃዋን ይዞ እስከ ጋቢናው በር ድረስ ሸኛት፤ ክንዷን ደግፎ አወጣትና በሩን ራሱ ዘጋው።

በዚህ ሁሉ ዓመት ቁልቁለቱን ወርዳ አታውቅም። ከራሱ ላይ ሆና ስታየው ዓዶ ነጭ ሜዳ ላይ እንደ ተበተነች ጥራጥሬ ትታይ ነበር። መሪው ፊቷ በራሱ ይዞራል። እጆቿን የምታሳርፍበት አጣችና ጭኖቿ መካከል ያዘቻቸው። ቦቴው ፍጥነቱን ከወትሮው በግማሽ ቀነሰ።

«ለምን ቀነስክ?» አለችው።

«ሰው ተሳፍሯል።»

ትርሓስ በመስታወቱ ወደ ታች አየች። ዳሱ እንደገና ተሠርቷል፤ ሥሩ የቆሙት ሰዎች ከዚህ ጉንዳን ያህላሉ።

«ከታችም ሰው አለ» አለች።

«ከታች ያሉት በተሳፋሪ ዝርዝሩ ላይ የሉም።»

መልሱ አላናደዳትም። የራሷን የቆየ ሐሳብ ከሌላ ሰው አፍ የሰማች ያህል ነው የተሰማት። ስንት ዓመት ሙሉ ውሃ ስትልክ ዓዶን የምታስባት በጥሟ ብቻ ነበር፤ ቦቴው ሊጨፈልቃቸው የሚችል ሰዎች መሆናቸውን ያሰበችው የአደጋው ቀን ጠዋት ብቻ ነው።

«ዝርዝሩ ውስጥ አስገባቸው» አለች።

«ስንት ናቸው?»

አታውቅም ነበር። ስልኳን አውጥታ ደወለች። «አቶ ሀንፈሬ፣ ስንት ናችሁ?» አለችው።

ሀንፈሬ ጥያቄው ግራ ገባው። ከዚያ በቁም ነገር መቁጠር ጀመረ፤ ከአጠገቡ ካሉት ጋር ሲነጋገር፣ ሲከራከር ሰማችው። አራት መቶ ስድስት ነን አለ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ቆይ አላት። ዛሬ ማለዳ አንዲት ሴት ወልዳለች፤ አራት መቶ ሰባት።

ቁጥሩን ለቦቴው ነገረችው። ቦቴው ተቀበለ። ቁልቁለቱን በዚያው በዝግታው ጨረሰው። ታች ሲደርሱ ትርሓስ ወርዳ ከቦቴው ሥር ገባችና ካምቢዮውን በመዳፏ ነካችው፤ ሞቋል እንጂ አልተቃጠለም። ቀና ስትል አንድ ረጅም፣ ሽበታም ሰው ፊቷ ቆሞ ነበር። ስሙን መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ከሁለት ቀን በኋላ አዲሶቹ ማጣሪያዎች መጡ፤ ሁሉም ቦቴዎች ሰርቪሳቸው ተሠራላቸው። ቁጥር ሁለት በንጹሕ ዘይት፣ በንጹሕ ማጣሪያ፣ ጋቢናው ባዶ ሆኖ ወደ ዓዶ ተነሣ። ትርሓስና ላቀው ሰሌዳው ፊት ቆመው ተከታተሉት። የቁልቁለቱ ራስ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያዘው ፍጥነቱን በግማሽ ቀነሰ።

ላቀው የተበላሸ ነገር ያለ መስሎት ጠጋ ብሎ አነበበ። በተሳፋሪ መስመሩ ላይ አራት መቶ ሰባት የሚል ተጽፎ ነበር።