ቋጠሮው በውጭ በኩል

በ1995 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ማለዳ፣ አሰልጣኝ ወንዳወቅ በሰቆጣ ሜዳ ከግቡ ሥር ራሱን በድንጋይ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ሜዳውን በአመድ ሊያሰምር ብቻውን ማልዶ የመጣ ነበር። ያገኘው ዘበኛ ማንም ሳያይ በጋቢው ሸፈነው።

ኢንስፔክተር ሠርካለም ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ከቁስሉ ይልቅ እግሩን አየች። ታኬታ ተጫምቷል። ወንዳወቅ በተጫዋችነቱ ዘመን ቀኝ ጉልበቱ ተሰብሮ አልታጠፍ ካለው ወዲህ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ ማሰር ስለማይችል ከኮንጎ ጫማ ሌላ አያውቅም፤ የድሮ ታኬታው ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ያጫማው ገዳዩ ነው። ማሰሪያው በውጭ በኩል ተቋጥሯል። ሠርካለም መልሳ ሸፈነችውና ዘበኛውን አፉን እንዲዘጋ አዘዘችው።

የሟቹ ወንድም ፋንታሁን ከአበርገሌ ጠመንጃውን አንግቶ ደርሷል። ለእሱ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ምክትል አሰልጣኙ ቅጣው ቅዳሜ ዕለት ከሟቹ ጋር ተናንቆ ነበር። ሬሳው አፈር ሳይለብስ ደሙን እንደሚመልስ ምሏል።

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሦስት ሰዎች ዘንድ ነበር፤ ሦስቱም የወንዳወቅ ሠልጣኞች ናቸው። ቅጣው ጠቡን አልካደም፤ በረኛውን ባንተአምላክን ባበጠ እግሩ አታጫውተው በማለቱ ነው የተጣሉት። ባንተአምላክም ይህንኑ መሰከረ። ሦስተኛው፣ በምርኩዝ የሚሄደው የዕቃ ቤት ጠባቂ ምስጋናው፣ «ጋሼ አባቴ ነበሩ» ብሎ አቀረቀረ።

ሠርካለም ከቀብሩ በፊት ዕቃ ቤት ሰበሰበቻቸው። ፋንታሁን ጠመንጃውን ቅጣው ላይ ደግኖ በሩ ላይ ቆመ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ታኬታ ሰጥታ በደኅና እግራቸው ተጫምተው እንዲያስሩ አዘዘች። አሰሩ።

«ወንዳወቅ ያሠለጠነው ሁሉ በውጭ በኩል ነው የሚቋጥረው» አለች። «ውስጥ ከሆነ ኳስ ያበላሻል ይል እንደነበር የሰቆጣ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ቅጣውና ባንተአምላክ እጃቸው እንደለመደ አሰሩ። ምስጋናው፣ አንተ መሐል ላይ አሰርህ። ሬሳው ታኬታ መጫማቱን ለማንም አልነገርሁም። ቋጠሮውን መደበቅ የሚያስፈልገው፣ ሟቹ እግር ላይ የቋጠረው ሰው ብቻ ነው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ምስጋናው ምርኩዙን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ከስምንት ዓመት በፊት እግሬ ተሰብሮ ሳለቅስ፣ ‹ጠበቅ አድርገህ እሰረውና ግባ› አሉኝ። ገባሁ። እግሬ በዚያው ቀረ። ስምንት ዓመት ያንን ታኬታቸውን ጠረግሁ። ቅዳሜ ያንኑ ቃል ለባንተአምላክ ሲሉት ሰማሁ። እኔም ዛሬ አጫማኋቸው። አልጸጸተኝም።»

ፋንታሁን አፈሙዙን ከቅጣው ወደ ምስጋናው አዞረ። ሠርካለም መሐላቸው ገብታ ቆመች፤ የሕግ እስረኛ ነው አለችው። ፋንታሁን ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ፤ ቅጣውም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ሠርካለም ካቴናውን አውጥታ የምስጋናውን እጅ ያዘች።

«ጠበቅ ያድርጉት» አላት።