የናዳ ምሳ

«ከቀን ሁሉ መርጠሽ እኛ በምንወዳደርበት ቀን ልትመጪ?»

«ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አለች ህሊና ከቧንቧው ሥር ቀና ብላ ፊቷን በሻርፗ እያበሰች። «የሮቦት ውድድሩ በዓመት አንዴ ነው። በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል የሚለውን ወረቀት ያመጣሽልኝ ደግሞ ራስሽ ነሽ።»

«ያኔ ሌላ፣ አሁን ሌላ።»

ናርዶስ ሰማያዊውን የቡድኗን ቲሸርት ለብሳ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆማለች። ጀሪፍ ውስጥ ያለውን ይህን ግቢ የሁለቱ ልጆች ቤተሰቦች ተጋርተው ሲኖሩበት ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቹ እስከ አሥራ ሦስት ዓመታቸው በኢትዮጵያውያኑ ትምህርት ቤት በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ተምረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን የናርዶስ አባት ልጃቸውን ባሕሪ ሰፈር ወዳለ የዐረብኛ ትምህርት ቤት አዛወሯት። ሐበሻ ተብላ እንዳትሰደብ ሲያስመዘግቧት ስሟንም ቀየሩት።

«ስሚ» አለች ናርዶስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ ናርዶስ የምትባል ልጅ የለችም። ናዳ ነኝ። እናቴ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የከሰላ ሰው ናት።»

«እትዬ ስንቅነሽ?» ህሊና ሳቀች። «ደብረ ማርቆስ መቼ ነው ከሰላ የገባው? ለመሆኑ ናዳ በአማርኛ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ተራራ ሲደረመስ ነው።»

ናርዶስ አልሳቀችም። «ወላሂ እየቀለድኩ አይደለም። ሐበሺያ መሆኔን ያወቁ ቀን ኸላስ፣ አለቀልኝ፤ በማግሥቱ ‹ሻይ አፍዪልን› ነው የሚሉኝ። አምና ያችን ሐበሻ ልጅ ምን እንዳደረጓት ነግሬሻለሁ። እዚያ በአማርኛ እንዳታናግሪኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም።»

«እሺ። በአማርኛ አላናግርሽም።»

ውጭ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። ናርዶስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ የብረቱን በር ገርበብ አድርጋ ተወችው። ህሊና ሄዳ ዘጋችው።

እናቷ የኔነሽ ሰው ቤት ለማጽዳት የወጣችው ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ታሚያ፣ የሽምብራ ጥብስ፣ የተሞሉ ሁለት ዳቦዎች በጋዜጣ ጠቅልላ ትታላት ሄዳለች። በሁዳዴ ሁሌም ሁለት ነው የምትጠቀልለው፤ አንዱ ለህሊና፣ አንዱ ለናርዶስ። ህሊና ሁለቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ እስከ ሱቅ ዐረቢ ገበያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ሄደች።

በአዳራሹ መግቢያ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጧት። ስሟን ስትነግራቸው ደረቷ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት «ሐሊማ» ብለው ጻፉላት። አላረመቻቸውም። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አብረው መጥተዋል፤ በጋራ ፎቶ ይነሣሉ፤ የሚሳሳቁበትን ነገር እሷ አታውቀውም። የበጎ ፈቃደኞቹ ኃላፊ ኡስታዛ ሉጥፊያ ጉልበታም ድምፅ ያላቸው ወፍራም ሴት ናቸው። ሌሎቹን ሲመድቡ ቆይተው እሷ ላይ ሲደርሱ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ። በየዙሩ መሐል ዕቃዎቹን ወደ ቦታቸው ትመልሻለሽ» አሏት።

ሥራው ይህ ነበር። ጠረጴዛው ላይ መንገድና ድልድይ የተሣለበት ምንጣፍ ተዘርግቷል። የጫማ ካርቶን የሚያህል ሮቦት ከጥጉ ተነሥቶ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ባለቀለም ኩቦችን እየገፋ፣ እያነሣ፣ ወደየጎተራቸው ያስገባል። ፊሽካ ሲነፋ ልጆቹ እየጮሁ ወይም እያለቀሱ ይሄዳሉ። ከዚያ ህሊና ጎንበስ ብላ የተበተነውን ትለቅማለች፤ እያንዳንዱን ኩብ በጥቁር በተሣለለት አራት ማዕዘን ላይ ታስቀምጣለች። ጠረጴዛውን ስታደራጅ ማንም አያናግራትም። እስከ እኩለ ቀን ድረስ አሥራ አራት ጊዜ አስተካከለችው።

ናርዶስ ሁለት ጊዜ መጣች። በሁለቱም ጊዜ ህሊና ዓይኗን ከምንጣፉ ላይ አላነሣችም። ሮቦቱን የምትይዘውና የምታስነሣው ናርዶስ ነበረች፤ እጇ ጎበዝ ነው። ቡድኑ ለመጨረሻው ዙር አለፈ።

ለምሳ ለሁሉም የዶሮ ሳንድዊች ታደለ። የናርዶስ ቡድን አምስት ሴት ልጆች ናቸው፤ ግድግዳ ተደግፈው ወለሉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ህሊና ከሳንድዊቹ ሳጥን ጎን ቆማ ታያቸዋለች። አራቱ ይበላሉ። ናርዶስ ግን ሳንድዊቹን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያገላበጠች ወረቀቱን ትልጣለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች።

«ብዪ እንጂ» አለቻት የቡድኑ አለቃ ዘሃራ፣ ቀጭንና ፈጣን ልጅ። «ሮቦቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ አለቀልን።»

«ሆዴን አሞኛል።»

አላመማትም። ህሊና ያንን ፊት ታውቀዋለች። ትናንት ማታ ከበላች ወዲህ ምንም አልቀመሰችም። ህሊና ወደ ቦርሳዋ ሄዳ በጋዜጣ ከተጠቀለሉት አንዱን አወጣች። በአማርኛ እንዳላናግራት ነው ቃል የገባሁት ብላ አሰበች፤ የምትለውን በዐረብኛ በልቧ ደጋገመች። ከዚያ ሳንድዊች እንደሚያድል ሰው ተጠግታ ጥቅሉን ናርዶስ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ሥጋ የለበትም» አለች በዐረብኛ።

ዘሃራ ቀና አለች። «ለእሷ ብቻ ለምን?»

«ለጾሟ» አለች ህሊና። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

«የምን ጾም? ረመዳን ገና ሦስት ወር ይቀረዋል።»

«አሁን የሚጾሙት ሐበሾች ናቸው» አለች ከመካከላቸው አንዷ፣ ፋጤ የምትባለው፤ አፏ ገና ምግብ ነበረበት። «የአክስቴ ሠራተኛ ወተት እንኳ አትነካም። የወተት ሻይ ስናፈላ መርዝ የሰጠናት ይመስል ትሸሻለች።»

ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም። ከዚያ ግን ዘሃራ መሳቋን ትታ የህሊናን ፊት አየች፣ አንገቷ ላይ ያለውን ክር አየች፣ ወደ ናርዶስ ዞረች።

«ናዳ፣ ይህችን ልጅ ታውቂያታለሽ?»

ናርዶስ ጥቅሉን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ ወለሉ ላይ አኖረችው። «አላውቃትም» አለች። የዶሮውን ሳንድዊች ገልጣ ትልቅ ጉርሻ ነከሰችና አኘከች። ዓይኗን ከህሊና ላይ ሳታነሣ ነበር የምታኝከው።

ሁሉም ህሊናን ይጠብቃሉ። ስምንት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል ማለት ትችል ነበር። አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል።

«ማሌሽ» አለች ይቅርታ በመጠየቅ። «ከሌላ ልጅ ጋር ተምታታብኝ።»

ጎንበስ ብላ ጥቅሉን ከወለሉ አነሣች። ከጀርባዋ ፋጤ እንደገና ማውራት ጀመረች፤ ስለ ባትሪ ነበር።

መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አንዱን ዳቦ በላች። ሁለተኛውን መብላት አልቻለችም፤ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የመጨረሻው ዙር በሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ተመልካቹ ወንበር ላይ ወጥቶ ቆሟል። ህሊና ኩቦቹን አንድ በአንድ አስቀመጠችና ቢጫዋ እጇ ላይ ቀረች። ቢጫዋ ብዙ ነጥብ ታስገኛለች፤ የናርዶስ ሮቦት ደግሞ ዓይን የለውም። የሚሄደው ጎማው የዞረውን እየቆጠረ ነው፤ ኩቧ ቦታዋ ላይ ከሌለች ባዶ አየር ጨብጦ ይመለሳል። ህሊና ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ክረምቱን በሙሉ ናርዶስ በግቢያቸው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ሣላ ስትለማመድ፣ በኩብ ፋንታ የምታኖረውን የክብሪት ቀፎ ወደ ቦታው ስትመልስላት የከረመችው እሷ ናት። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራሽ» እያለች ትጮህባት ነበር።

አንዲት ጣት ስፋት ፈቀቅ ብትል ዳኛው አያየውም። ማንም አያየውም።

ቢጫዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየቻት። ከጥቁሩ መስመር በፀጉር ስፋት አልፋ ነበር፤ እንደገና ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ገፋ አደረገቻት፤ አራቱም ጠርዝ ከመስመሩ ጋር እኩል ሆነ።

ናርዶስ ሮቦቱን አቅፋ መጣች። መነሻው ላይ ለማኖር ስትጎነበስ ጭንቅላቷ ከህሊና ጭንቅላት ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በአማርኛ፣ «ስንጨርስ በር ላይ ጠብቂኝ። አብረን እንሄዳለን» አለች።

ህሊና ወደ ዳኛው ዞረች። «ጠረጴዛው ዝግጁ ነው» አለች በዐረብኛ፤ ሰደርያዋን አስተካክላ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች።

ፊሽካው ተነፋ። ሮቦቱ ድልድዩን አለፈ፣ ተጠመዘዘ፣ ክንዱን ዘርግቶ ቢጫዋን ጨበጠ። አዳራሹ ተናወጠ። ዘሃራ ናርዶስን ወገቧን ይዛ ከመሬት አነሣቻት፤ ሌሎቹ ላያቸው ላይ ተረባረቡ። «ናዳ፣ ናዳ፣ ናዳ» ይሉ ነበር፤ ናርዶስም በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ትስቃለች።

ህሊና ኩቦቹን ለቅማ በየቀለማቸው ሳጥን ውስጥ ከተተች። ምንጣፉን ጠቀለለች። ኡስታዛ ሉጥፊያ የዋንጫውን ጠረጴዛ ሲያስጠጉ ሰደርያዋን አጣጥፋ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም በስልክ እያወሩ ተቀብለው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። በድምፅ ማጉያው የአሸናፊው ቡድን ልጆች ስም በየተራ መጠራት ጀመረ።

በሩ ላይ ዘበኛው ወንበሩን ወደ ጥላው እየጎተተ ነበር። በእሱ በኩል አልፋ ወደ አስፋልቱ ወጣች። የጀሪፍ አውቶቡስ ገና ሳይቆም ረዳቱ ተንጠልጥሎ ይጠራል። ወደ ኋላ መቀመጫ አልፋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታው፤ አውቶቡሱም ሄደ።