ጀርባዬ ላይ የቀረችው መለኪያ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። የማያምን ካለ ቦሊቪያ፣ ኦሩሮ ከተማ ድረስ ይምጣና ግድግዳዬን ይይ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ሳል እንቅልፍ ቢነሳኝ ሆስፒታል ራጅ ልነሳ ገባሁ።

ሊምበርት የሚባለው ባለሙያ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ጀርባዬ ላይ በፕላስተር ለጠፈ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ራጁ ምን ያህል ጨረር እንደሰጠዎት የምትለካ ናት፣ እማማ። ሲወጡ ይመልሱልኛል።»

ልመልስ? እኛ ዘንድ ራስ ምታት የያዘው ሰው ኮካ የሚሉትን ተክል ቅጠል በምራቅ አርሶ ግንባሩ ላይ ግራና ቀኝ ይለጥፋል። ቅጠሉ በራሱ እስኪወድቅ አይነካም። ከነቀሉት ሕመሙ ይመለሳል።

ስለዚህ ይዣት ቤቴ ገባሁ። ሳሌም ተወኝ።

በሳምንቱ ሊምበርት ቤቴ ድረስ መጥቶ ነቅሎ ወሰዳት። በማግስቱ ተመለሰ... ፊቱ አመድ መስሎ።

«እማማ፣ ሌላ ቦታ ራጅ ተነስተዋል?»

«የት ሄጄ?»

«መለኪያዋ እኮ... በየቀኑ ሲነሱ የከረሙ ያህል ነው የምታሳየው።»

ልትጠይቀኝ የመጣችው ልጄ ኔልቫ ይህንኑ ስትጠብቅ ነበር።

«በቃ እማዬ፣ ኮቻባምባ ከተማ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ቤቱ ይሸጣል።»

«ስሞት ትሸጪዋለሽ። እስከዚያ ቁጭ በይ።»

ሊምበርት ሌሎች መለኪያዎች አመጣ። በሩ ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ አልጋዬ ራስጌ ለጠፈ። አንዷን ጀርባዬ ላይ።

ከቀናት በኋላ አነበባቸው። ቤቱ ላይ የተለጠፉት ሁሉ ንጹሕ ነበሩ።

የጀርባዬ ብቻ...

«ቤቱ ደህና ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ራጅ የሚያነሳዎት ነገር ከኋላዎ ነው።»

«ሩቅ ነው?»

«አይደለም... በጣም ቅርብ ነው።»

ኔልቫ ሻንጣዬን አወጣች። መልሼ አልጋ ሥር ወረወርኩት። ይህን ቤት የሠራሁት ማዕድን ማውጫ ደጃፍ ድንጋይ ስፈልጥ ኖሬ ነው። በጀርባዬ መጥቶ የሚያስወጣኝ አልተወለደም።

መለኪያዋን ደረቴ ላይ ለጠፍኩ። በዚያችው በስምንት ሰዓት ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ጋደም አልኩ።

«ና» አልኩት። «ፊት ለፊት ና፣ እኔም ልይህ።»

ምንም አልመጣም።

ብቻ... አንድ ነገር ሲያቃስት ሰማሁ። ከኋላዬ። ራሱን እንደሚያመው ሰው።

ዘወር ስል ማንም የለም። ደረቴን ዳሰስኩ። ፕላስተሩ አለ፣ መለኪያዋ የለችም።

ግድግዳው ላይ ናት። በምራቅ ተለጥፋ። ምራቁ ገና አልደረቀም።

ሟቹ ባልሽ ነው እንዳትሉኝ። ባሌ አጭር ነበር። መለኪያዋ ያለችበት ቦታ ግን እኔ ወንበር ላይ ቆሜም እጄ አይደርስበትም።

ኔልቫ ብቻዋን ሄደች። ሊምበርትም ደጄን አይረግጥም። እኔ እዚሁ አልጋዬ ላይ አለሁ። ራሱን ያመመው እሱ ነው፣ ከፈለገ እሱ ይውጣ።

መለኪያዋን አልነቀልኳትም። በራሷ ትውደቅ።

ዛሬ ጠዋት ግን ቀና ብዬ ሳይ... ከጎኗ፣ በአንድ ግንባር ስፋት ርቀት፣ እርጥብ የኮካ ቅጠል ተለጥፏል።